የላከሽ ማን ነው?

ቦና የሚባለው አዝመራ ደርሶ ኮምባይነሩ በሲናና ሜዳ ላይ ከንጋት እስከ ምሽት በሚያጓራበት በታኅሣሥ ወር፣ እኔም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ባሌ ሮቤ ተጉዤ ስለ ነበር፣ የእህቴ ልጅ ለአንድ የጥናት ድርጅት የሕዝብ አስተያየት ለመሰብሰብ መጠይቋን ይዛ ከቤት ወደ ቤት ስትዞር አንድ ቀን አብሬያት ዋልሁ። ጠያቂና ተጠያቂ የሚነጋገሩት ነገር የሁለት ሰው ምሥጢር መሆኑን አስቀድማ ስለ ነገረችኝ፣ በደረስንበት ቤት ሁሉ እኔ ከደጅ፣ ከልጆቹና ከጥጆቹ ጋር፣ ፀሐይ እየሞቅሁ እቀመጥ ነበር፤ መግቢያውና መሰነባበቻው ግን የማንም ምሥጢር አልነበረምና ይሰማኝ ነበር፣ ይህን ሐተታ ያስጻፈኝም ያ የሰማሁት ነው።

ከቤቶቹ በአንደኛው የተቀበሉን ዕድሜያቸው ከ70 የማያንስ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅቱን እንደ መጠይቅ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ ተቀብለው፣ አስቀድሞ መቀመጫ፣ ከመቀመጫውም ቀጥሎ ቅቤው ከላይ የሚያበራ ጩኮ በቆሪ አስቀረቡላት፤ ከዚያም በአገሩ ደንብ የመጣንበት መንገድ እንዴት እንደ ነበረ፣ በጎባ በኩል ዝናብ ጥሎ እንደ ሆነ፣ በሮቤ ገበያ የበሬ ዋጋ ከየት እንደ ደረሰ፣ አንድ በአንድ ጠይቀው አንድ በአንድ ከሰሙ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ደግ መጣሽ፤ ግን የላከሽ ማን ነው?» አሏት። እርስዋም ከጽሑፏ ላይ እያየች ድርጅቱ የመንግሥትም የፓርቲም አለመሆኑን፣ ስማቸው እንደማይጻፍ፣ ቢፈልጉም አለመመለስ መብታቸው መሆኑን ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ፣ ቤቱን ሊያሳየን ከቀበሌ ተልኮ ወደ መጣውና በአጥሩ ጥግ ወደ ቆመው ጎልማሳ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እሱስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ መልስ አልነበራትም፤ ጎልማሳውን ብታሰናብተው በሚቀጥለው ቤት ማንም በር እንደማይከፍትላት ታውቅ ነበርና።

ነገሩን ሳሰላስለው፣ እኒህ ሽማግሌ በመጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ የዘርፉ ሊቃውንት በመጨረሻ የሚጠይቁት መሆኑ ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 በ12 የአፍሪካ አገሮች ሥራውን የጀመረው የአስተያየት ጥናት ድርጅት አፍሮባሮሜትር፣ ከቃለ መጠይቁ ማብቂያ ላይ መላሹን፣ «እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ አለው፤ ይህም ከዚያ በፊት የተሰጠው መልስ ሁሉ ከልብ የወጣ ይሁን ወይስ ከጥንቃቄ፣ በዚያች በአንዲት ጥያቄ ለመመዘን ነው። ሽማግሌው ግን ሚዛኑን ራሳቸው ይዘው ቀረቡ።

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ትርጓሜ የተሸከመ ነው። የታመመ ይጠየቃል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ ያላወቀም አዋቂን ይጠይቃል፤ ነገር ግን ጥፋት የተገኘበትም «ተጠያቂ» ይባላል። በኦሮምኛም «ጋፈቹ» የሚለው ቃል እንዲሁ ነው፤ ሕመምተኛን መጎብኘትም፣ ማወቅን መፈለግም፣ ኃላፊነትን መሸከምም ከዚያው ሥር ይወጣሉ። ስለዚህ አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ «ልጠይቅዎ ነው» ባለች ጊዜ፣ ባለቤቱ በየትኛው ትርጓሜ እንደ ተጠየቀ ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህንንም ሳያውቅ አፉን ቢከፍት ሞኝነት ይሆንበታል።

አበው ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበር በትውፊት የታወቀ ነው፤ እረኛው ሜዳ ላይ ብቻውን የሚያዜመው ማንም ሳይጠይቀው ነውና ከፍርሃት የነጻ፣ ስለዚህም እውነተኛ ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ የመጠየቅ ሥርዓት ነበረን፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ። በዚያ ሥርዓት ወንጀል የተፈጸመበት አገር ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ተደርጎ ይመረመራል። የገጠሩ ሰው ስለ መጠየቅ ያለው ትዝታ ከእረኛው ዜማ ይልቅ ወደ አውጫጭኙ ሜዳ የቀረበ መሆኑን ሳንረዳ፣ የአስተያየት ጥናትን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ዕቃ ሳጥኑን ከፍተን ብቻ ልንጠቀምበት ብንነሣ፣ የምናገኘው አኃዝ እንጂ ሐሳብ አይሆንም።

በሮቤ የእህል በረንዳ የሚውል ሰው የናሙናን ትምህርት ያለ መምህር ያውቀዋል። ነጋዴው 100 ኪሎ የያዘውን ጆንያ ዘርግፎ አይመረምርም፤ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት በጆንያው ጎን ሰክቶ፣ በመዳፉ ላይ የፈሰሰችውን እፍኝ ስንዴ አይቶ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ፣ እርጥበቱንና ንጽሕናውን ለይቶ ዋጋ ይቆርጣል። አስተዋይ የሆነው ነጋዴ ደግሞ ከላይ ብቻ አይወጋም፤ ሻጩ ደኅናውን ከላይ አድርጎት እንደ ሆነ ብሎ ከታችም ከመካከልም ይወጋል። የአስተያየት ጥናት ሒሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከመላ አገሪቱ ቆላና ደጋ፣ ከተማና ገጠር፣ ወንድና ሴት ሳይለይ በዕጣ የተመረጡ 2,400 ሰዎች በትክክል ቢጠየቁ፣ ጥናቱ 100 ጊዜ ቢደጋገም 95 ጊዜው ከእውነቱ በ2 ከመቶ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ከማለት አያልፍም። ብዛት ብቻውን እንደማያድን እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ታይቷል፤ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይሸነፋሉ ሲል፣ የአስተያየት አጥኚው ጋላፕ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሰው ያሸንፋሉ ብሎ እንዳለው ሆነ። መጽሔቱ የጻፈው በአብዛኛው ስልክና መኪና ላላቸው ሰዎች ነበር፤ የወጋው ጆንያውን ከላይ ብቻ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ስንዴ ብረቱን አይቶ ፍሬውን አይለውጥም። ሰው ይለውጣል።

ለንጽጽር ያህል፣ ምርጫቸው ከተደላደለ አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። የአስተያየት ጥናት በሮይ ሞርጋን እጅ የገባላት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ ኒውስፖል የሚባለውም ከ1985 ጀምሮ በየጊዜው ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1924 ወዲህ ድምፅ መስጠት በሕግ ግዴታ ስለ ሆነ፣ በዚያ ያለ አጥኚ «ይህ ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል ወይስ ይቀራል?» ከሚለው ጭንቀት ድኗል። የአኃዙም ሥልጣን እስከ ቤተ መንግሥት ይደርሳል፤ ማልኮም ተርንቡል እ.ኤ.አ. በ2015 ቶኒ አቦትን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲያወርዱ፣ ፓርቲያቸው በተከታታይ 30 የኒውስፖል ጥናት መሸነፉን ምክንያት አድርገው ጠቀሱ፤ በ2018 ያው 30ኛ ሽንፈት በራሳቸው ላይ ደረሰና በዚያው ዓመት እርሳቸውም ወረዱ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2019 ታላላቆቹ ጥናቶች ሁሉ የሠራተኛው ፓርቲ ያሸንፋል ብለው፣ ያሸነፈው የስኮት ሞሪሰን ጥምረት ሆነ። በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳ፣ ከተጠየቁት መካከል የተማሩትና ፖለቲካን አጥብቀው የሚከታተሉት ከመጠን በላይ በዝተው ነበር፤ ያም በሒሳብ አልተስተካከለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ስሕተቱ ወደ ሌላው ወገን አዘነበለና የሠራተኛው ፓርቲ ድል ከተገመተው እጅግ ሰፍቶ ተገኘ። የዚያ አገር ሊቃውንት የሚጨቃጨቁት እንግዲህ ብረቱ በየት በኩል ተሰካ በሚለው ላይ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ከመሸ በኋላ በሩ ይንኳኳብኛል ብሎ ስለ መስጋቱ ግን ጭቅጭቅ የላቸውም። የእኛ ችግር የሚጀምረው የእነርሱ ከሚያበቃበት ነው።

ባሌ ለዚህ ነገር ምስክርነት ከማንም አገር አታንስም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ሳለች፣ በመሬት ልኬቱና በግብሩ ክብደት፣ በሹማምንቱም አድልዎ የተነሣ የቆላውና የደጋው ሕዝብ ልብ ሲሻክር፣ በ1955 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውና በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀው ዐመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘለቀ። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1957 እና በ1961 ዓ.ም.፣ በአገሪቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተደርጓል፤ ፓርቲ ያልነበረበት፣ ዕጩውም ባለ ንብረት እንዲሆን የሚጠየቅበት ምርጫ ነበርና፣ የባሌ ገበሬ ስለ ግብሩ ያለው ሐሳብ በድምፅ ሳጥን በኩል አዲስ አበባ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ሊደርስ የቻለው በጥይት ድምፅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ከደሎ እስከ ሲናና በነጻነት ጠይቆ የሕዝቡን ቅሬታ በአኃዝ ጽፎ ቢያቀርብ ኖሮ መንግሥት ይሰማው ነበር ብዬ አልምልም፤ አላወቅሁም የማለት ምክንያት ግን ባልቀረለትም ነበር።

ደርግ በበኩሉ ጠይቄአለሁ ብሏል። 120 አንቀጾች የነበሩት የሕገ መንግሥት ረቂቅ በ1978 ዓ.ም. በ1 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበራት ከተሠራጨ በኋላ 25,000 ያህል በሆኑ ስፍራዎች ውይይት ተደረገበት፤ ከ500,000 የሚበልጥ የማሻሻያ ሐሳብም ተሰበሰበ። በዚያ ሁሉ ውይይት ውስጥ ከፍተኛውን ቁጣ ያስነሣው ስለ አንድ ፓርቲ አገዛዝ ወይም ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የተጻፈው አልነበረም፤ ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ ነበር፣ ይህም በሙስሊሙ ሕዝብ ዘንድ። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ሰው ስለ ገዛ ቤቱ ሲጠየቅ የሚያውቀውን፣ የሚደፍረውንም ይናገራል፤ ስለ ዙፋኑ ሲጠየቅ ግን ጎረቤቱን አይቶ ዝም ይላል። ከተደረጉት 95 ማሻሻያዎች አብዛኞቹ የቃላት ነበሩ፤ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም 81 ከመቶው ረቂቁን ደገፈ ተባለ። ከአራት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ሕገ መንግሥቱም መንግሥቱም አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ የመጣውም ዘመን የሰልፍ ብዛትንና የምርጫ ውጤትን እንደ ሕዝብ ሐሳብ መለኪያ አድርጎ በመውሰዱ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ገዢው ኢሕአዴግ በሚያዝያ 29 ሰልፉ ብዛት ተማምኖ ሳለ፣ በማግስቱ በዚያው አደባባይ ተቃዋሚው ሰልፍ ወጣ፤ በሳምንቱም ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤትም ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። የተገረመው ገዢው ፓርቲ ብቻ አልነበረም፤ አሸናፊውም ተገርሟል፤ ሁለቱም የሕዝቡን ልብ የገመቱት በሰልፍ ወርድ ነበርና። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች አሸነፉ ተባለ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ግማሽ ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በጊንጪ የተጀመረው የኦሮሚያ ተቃውሞ ባሌን ጨምሮ ክልሉን አዳረሰ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ። አንድም ወንበር ያላጣ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ መሪውን አጣ። የሕዝቡ ሐሳብ በስድስት ወር የተገለበጠ አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ የቀረ ሐሳብ ነው።

በ2005 ዓ.ም.፣ ማለትም በሁለቱ ምርጫዎች መካከል፣ አፍሮባሮሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ 2,400 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። የተገኘው መልስ አጥኚዎቹን ራሳቸውን አስጨነቃቸው፤ ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ግምት በአፍሪካ ከታዩት ሁሉ ከፍ ካሉት ወገን ሆነ፤ የተሻለ ነጻነት አላቸው ከሚባሉት አገሮች ሕዝብ እንኳ የላቀ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የነገሩን ምንጭ ሲመረምሩ፣ ርእሱን ራሱን በጥያቄ ሠሩት፤ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ስለ ዴሞክራሲ የተለየ አስተሳሰብ? እኔ ይህን ጥናት የማከብረው መልሱ ደስ ስላለኝ አይደለም፤ አኃዝን ከመንበሩ አውርዶ ስለ መረመረው ነው። ያው ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ድምፁ ተለውጦ ተገኘ፤ ከመላሾቹ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አሉ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም ፌዴራላዊ ሥርዓት እንዲቀጥል ወደዱ። «ይሻሻል ግን አይፍረስ» የሚል የመካከለኛ መንገድ ድምፅ በአገሪቱ ውስጥ ብዙኃኑን ይዞ መኖሩን ያን ጊዜ በአደባባይ ከሚጮኹት ወገኖች አንዳቸውም አልተናገሩም። ለእኔ የዚህ ሥራ ታላቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ጩኸት የሌላቸውን ሰዎች ብዛት መግለጡ።

ናሙና ለመውሰድም ቢሆን መነሻ የሚሆን የሕዝብ ቆጠራ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ቀን ተቆርጦለት በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ተላለፈ። በሦስተኛው ቆጠራ ጊዜ የስንዴ ማሳ የነበረው የሮቤ ዳርቻ ዛሬ ቤትና ሱቅ ሆኗል፤ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ምክንያት የመጣው ሰው ብዛትም በዚያ መዝገብ ላይ የለም። በስልክ እንጠይቅ የሚሉም አሉ፤ ስልክ በእጁ የሌለው የሳነቴ ግርጌ እረኛ ግን በዚያ መንገድ ሊተራሪ ዳይጀስት እንደ ዘነጋቸው ድሆች ከሒሳብ ውጭ ይቀራል፤ ያ ጥንት ነገሥታቱ ያስጠይቁት የነበረው እረኛ።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተደረገውን ስድስተኛ ምርጫ አስበው። ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ስለ ወጡ፣ በኦሮሚያ ብዙ የምርጫ ክልሎች ለመራጩ ከገዢው ፓርቲ ከብልጽግና ሌላ የሚመርጠው እምብዛም አልነበረም፤ በአገር ደረጃም ፓርቲው በዚያ ዙር ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ። ከዚህ ውጤት የባሌን ገበሬ ሐሳብ ማውጣት የሚችል ማን ነው? ሳጥኑ ሊናገር ባልቻለበት ስፍራ የአስተያየት ጥናት ሊናገር ይገባው ነበር፤ ሆኖም ከምርጫው በፊት በየዞኑ የተደረገ፣ ለሕዝብም የተገለጸ ጥናት በእጃችን አልነበረም።

እንዲኖር የምሻ ከሆነ ደግሞ ሳልሸፍን ልናገር። ማዳበሪያ የሚያድለው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ በምርጫ ጊዜም ውጡ ብሎ የሚቀሰቅሰው የቀበሌ ሰው አንድ እስከ ሆነ ድረስ፣ እርሱ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ የተሰበሰበ መልስ ሁሉ በእኔ ዘንድ ጎዶሎ ነው። ፈቃዱ ከዞንና ከወረዳ ይምጣ፤ የቀበሌው ሰው እግር ግን ከጠያቂዋ እግር ይለይ። ጥያቄዎቹም ከላይ ሳይሆን ከታች ይጀምሩ፤ ማዳበሪያው ከመዝሪያው በፊት ደረሰ ወይስ በኋላ፣ ስንዴው በስንት ተሸጠ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አለው ወይስ የለውም ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱን ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቀው ለመናገር አያስፈራም፣ ተጠያቂውም አንድ ጊዜ እውነት ተናግሮ ምንም እንዳልደረሰበት ካየ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ፓርቲ ቢጠየቅ ምላሱ ይፈታል። ይህ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። በምርጫ ዋዜማ ተነሥተው የሚቈፍሩት ጉድጓድ አይደለም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ የእህቴ ልጅ ከቤቱ ወጣች። ሽማግሌው እስከ በሩ ሸኙን፤ የቀበሌው ጎልማሳ ወደ ሚቀጥለው ቤት ቀድሞ ሄዶ ነበር። እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው የምሽቱን ፀሐይ እየተከላከሉ፣ «ልጄ፣ የነገርኩሽን ወስደሽ ከሌላው ሰው ነገር ጋር ትደምሪዋለሽ አይደል?» አሏት። አዎን፣ ይደመራል አለች። «ድምሩ ስንት ሆነ ብዬ ብጠይቅስ፣ ተመልሶ እዚህ ይነገረናል?» አሉ። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣ ውጤቱ በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ እንደሚገለጽ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኮምባይነሩ ከማሳው ዳር ሲዞር ገለባው ወደ እኛ ነፈሰና ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።